ከኋላ የሚያነበው ገምጋሚ

ግቢው ውስጥ ከጀርባው «ጋሽ ይለፍ» ነው የሚሉት። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እህል ከነቀዝ እንዴት እንደሚጠበቅ ያስተምራል። ትምህርቱ ከተማሪነቱ ዘመን ወዲህ ንቅንቅ አላለም፤ ነቀዙ እንኳ ከሱ የተሻለ ተምሯል።

የሚኮራው ግን በገምጋሚነቱ ነው። አንድ ጥናት በመጽሔት ከመውጣቱ በፊት ለሙያው ሰዎች ይላካል፤ እነሱም ስማቸው ተሰውሮ ያነቡትና ይለፍ ወይም ይውደቅ ይላሉ። ደግ ሥርዓት ነው፤ የሚያነብ ከተገኘ።

ጋሽ ይለፍ የሚያነበው ከኋላ ነው። ኳስ እያየ፣ እግሩን ጠረጴዛ ላይ ሰቅሎ፣ የዋቢ ጽሑፎቹን ዝርዝር ይገልጣል። የራሱ ስም ካለ ይለፍ። ከሌለ ወዮለት!

«አሁን ይኼን አንብበኸው ነው?» አለችው ሚስቱ አንድ ቀን፣ ወረቀቱ ላይ የተቀመጠውን ብርጭቆ እያነሳች።

«ዋናውን አይቻለሁ።»

«ዋናው የቱ ነው?»

«እኔ ያለሁበት ነዋ!»

ጥናቱ የአንዲት የቀድሞ ተማሪው ነበር። የአንድ ቅጠል ዱቄት ነቀዝ ይፈጃል ይላል። የአስተማሪዋንም ስም እንደ ጨው ነስንሳበታለች። «ድንቅ ሥራ» ብሎ ጻፈና ወደ ኳሱ ተመለሰ።

ሁለተኛው ገምጋሚ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። እሱ ግን አነበበ። «ዱቄት ያልተነሰነሰበት ጆንያ የታለ? ነቀዙን የገደለው ዱቄቱ ይሁን የክፍሉ ድርቀት በምን ታወቀ?» ሲል ጠየቀ።

ልጅቷ በንዴት ጦፋ አስተማሪዋ ቢሮ ገባች።

«ጋሼ፣ አንዱ አመስግኖኛል፤ ሌላው ግን አናቴን ብሎኛል!»

«ምቀኛ ነው» አላት ደረቱን ነፍቶ። «አዋቂስ የመጀመሪያው ነው።»

ቢሆንም ጥያቄው እንቅልፍ ነሳት። ጆንያዎቹን እንደገና ሞላች፤ ግማሹን ከነዱቄቱ፣ ግማሹን ያለ ዱቄት። በሁለቱም ነቀዙ እኩል አለቀ። ክፍሉን አርጥባ ስትሞክር ደግሞ ዱቄቱ ላይ ተንፈላሶ ተራባ። ጆንያው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ስንቱ ገበሬ ያን ዱቄት አምኖ ጎተራውን ሊያስበላ ነበር!

እውነቱን ጻፈች፦ ዱቄቱ አይሠራም። አስተማሪዋ በድሮ ጽሑፎቹ ሳይፈትን ያሞገሰው ዱቄት ስለነበር ስሙን ከዝርዝሩ አወጣችው።

ጥናቱ ተመልሶ እሱው ዘንድ ደረሰ። ከኋላ ገለጠ፤ ስሙ የለም። «መሠረታዊ ጉድለት አለበት» ብሎ ጣለው። ሁለተኛው ገምጋሚ ቢያመሰግነውም፣ የመጽሔቱ አዘጋጅ ፕሮፌሰር ተብዬውን ማስቀየም ፈርቶ መለሰባት።

በዚያው ዓመት መጽሔቱ ጋሽ ይለፍን ምርጥ ገምጋሚ ብሎ ሸለመው። ምክንያቱም ፍጥነቱ! እውነት ነው፤ የማያነብን ሰው ማን ይቀድመዋል?

ልጅቷ ጥናቷን ለሌላ መጽሔት ላከች። እዚያ ያነበቡት ሰዎች አንድ ሠንጠረዥ አሳረሟትና ወጣላት። ጋሽ ይለፍም ኮሪደር ላይ ያገኘውን ሁሉ እያስቆመ፦

«አያችሁ? እንዲያ ባላጠብቅባት ኖሮ የት ትደርስ ነበር!»