ሦስት ዓመት ዜሮ ክፍል

የወሊድ ፈቃዴ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ልጄን የሚይዝልኝ ሰው ገና አላገኘሁም ነበር። እናቴ በሕይወት የለችም። የባለቤቴ እናት ሩቅ አገር ናቸው፤ መምጣትም አይችሉም። ጅማ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ አጥር የምንጋራት ጎረቤታችን ጭንቀቴን አይታ፣ "ከአጋሮ ወዲያ አንዲት ዘመድ አለችኝ። ባሏ ሞቶባታል፤ ሥራ ትፈልጋለች" አለችኝ።

ሴትዮዋ በሦስተኛው ቀን ልብሷን በፌስታል ይዛ መጣች። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙ አይርቅም። ሰላምታችንን ሳንጨርስ ልጄ ከውስጥ ማልቀስ ጀመረች። ፌስታሉን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ እጇን ታጥባ ዘረጋችልኝ። ሰጠኋት። ልጄ ዝም አለች።

"ልጆች አሉሽ?" አልኳት።

"ሁለት ሴቶች አሉኝ። እናቴ ጋ ናቸው።"

"ትንሿ ስንት ዓመቷ ነው?"

"አሁን አሁን መራመድ ጀምራለች።"

ከዚያ ወዲያ ለረጅም ጊዜ ስለ ልጆቿ አልጠየቅኋትም። እናቴ ጋ ናቸው ስትል ነገሩ እዚያው ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለዒድና ለአረፋ፣ አገሯ ትሄዳለች። ስትሄድ ልጄን የጠበቧትን ልብሶች አጣጥፌ እሰጣታለሁ። እንዲህ ማድረጌ ደግ ሰው የሆንኩ ያስመስለኝ ነበር። ልጄ አፍ ስትፈታ "አዳዳ" ብላ ጠራቻት፤ በኦሮምኛ አክስት ማለት ነው። ቤተሰቡም በዚያው ቀረ። እኔም ባለቤቴም አዳዳ እንላታለን። እሷ ግን እኔን አንቺ ብላ አታውቅም። "አንቺ በይኝ እንጂ" ብዬ ብለምናትም፣ "እሺ እትዬ" ትልና በእርስዎዋ ትቀጥላለች።

ሥራዬን እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። ትምህርት ጽሕፈት ቤት ውስጥ የቅድመ አንደኛ ደረጃ ባለሙያ ነኝ። ሕፃናት አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት እንዴት ሊማሩ እንደሚገባ የሚገልጸው መመሪያ ከላይ ሲወርድ፣ ለየወረዳው የማስረዳውና ትምህርት ቤቶቹን እየዞርኩ የምከታተለው እኔ ነኝ። እኔ ራሴ ያደግሁት ግን በእናቴ የስፌት መኪና ሥር፣ በቁርጥራጭ ጨርቅ ስጫወት ነው። በልጅነቴ መዋዕለ ሕፃናት የሚሄዱት የሐኪሞችና የትልልቅ ነጋዴዎች ልጆች ነበሩ። በራችን ላይ በመኪና ሲያልፉ አያቸው ነበር። ልጅ ስወልድ ከእነሱ እንደማታንስ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር።

ስለዚህ ልጄ ሦስት ዓመት ሲሞላት ወደ ጅሬን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ የግል ኬጂ ልናስመዘግባት ሄድን። ርዕሰ መምህርቷ ባለቀለም ካርዶች ዘርግታ በእንግሊዝኛ ትጠይቃት ጀመር። ቀዩን ስታሳያት ልጄ ደስ ብሏት "ዲማ!" አለች። በኦሮምኛ ቀይ ነው። መልሱ ትክክል ነበር። ርዕሰ መምህርቷ ፈገግ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

"ቤት ማን ነው የሚይዛት?"

"ሞግዚት አለቻት።"

"ገባኝ" አለች። "እንቀበላታለን። ግን ቤት ውስጥም እንግሊዝኛ አስለምዷት። ቢያንስ አማርኛ። አለበለዚያ ከጓደኞቿ ወደኋላ ትቀራለች።"

እኔ እኮ ሕፃን በለመደው ቋንቋ፣ በጨዋታ ነው መጀመር ያለበት እያልኩ በየወረዳው አዳራሽ ቆሜ የማስተምር ሴት ነኝ። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ግን አፈርኩ። ያፈርኩት በርዕሰ መምህርቷ አልነበረም፤ በልጄ ነው። ማታ ወደ ቤት ስገባ አዳዳን፣ "ከዛሬ ጀምሮ ከልጅቷ ጋር በአማርኛ ብቻ አውሪ" አልኳት።

"እሺ እትዬ" አለች።

የአዳዳ አማርኛ የገበያ አማርኛ ነው። ለመግዛትና ለመሸጥ፣ ሰላም ለማለት ይበቃል፤ ልጅ ለማባበል ግን አይበቃም። ልጄን ስታጥብ የምታንጎራጉረው ዜማ በዚያው ሳምንት ቆመ። ሳህን ስታነሳ፣ ልብስ ስትሰቅል ድምፅዋ አይሰማም። ልጄ በኦሮምኛ ስታናግራት ወደ እኔ ታይና ዝም ትላለች።

በዚያ ዓመት ቡና ለቀማ በደረሰበት ሰሞን ለክትትል ወደ አጋሮ አቅጣጫ ወጣሁ። የአዳዳ አገር በዚያ በኩል እንደሆነ አውቃለሁ፤ የየትኛው ቀበሌ ሰው እንደሆነች ግን ጠይቄያት አላውቅም። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቀይ ቡና በየማድረቂያ አልጋው ላይ ተሰጥቷል። ሴቶች ከበው ይለቅማሉ። በሦስተኛው ቀን ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በቡና ጥላ መሐል ያለ አንድ ትምህርት ቤት ደረስን።

ዜሮ ክፍልን ለማየት ነበር የሄድኩት። ልጆች አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት በመንግሥት ትምህርት ቤት አንድ ዓመት የሚማሩበት ክፍል ነው። ክፍሉ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ልጆቹ ግንድ ላይ ተደርድረዋል። ግማሹ ግንድ ባዶ ነበር። አስተማሪዋ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰች የመንደሩ ልጅ ናት። "ሌሎቹ ከወላጆቻቸው ጋር ለቀማ ወርደዋል" አለችኝ።

በስተኋላ፣ ከሁሉም በቁመት የምትበልጥ ልጅ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ይዛለች። ትንሿ የለበሰችው ሹራብ ደረቱ ላይ ቢጫ ዳክዬ አለበት። ዳክዬው አንድ ዓይኑ ወልቆ በጥቁር ክር የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሹራቡ ጠቧት እጅጌው ክርኗ ላይ ቀርቷል።

ከዚያ አጠገባቸው ሄጄ ተንበረከክሁና ትልቋን በኦሮምኛ ጠየቅኋት።

"ስንተኛ ክፍል ነሽ?"

"ዜሮ።"

"ዕድሜሽስ?"

ወደ አስተማሪዋ አየች። አስተማሪዋ፣ "ዘጠኝ ሳይሆናት አይቀርም" አለች። "ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቷ ነው እዚህ ክፍል ስትቀመጥ። መጀመሪያ ስትመጣ ይቺን አዝላ ነው። አያትየው ዓይናቸው ደክሟል፤ ልጅ መያዝ አይችሉም። አንደኛ ክፍል ደግሞ ሕፃን ይዞ መግባት አይፈቀድም። እኔ ነኝ ዝም ብዬ ያስቀመጥኳት።"

"ፊደል ታውቃለች?"

"ፊደል? እኔ ስቀር የምታስተምርልኝ እኮ እሷ ናት።"

"እናትሽ የት ናት?" አልኳት ልጅቷን።

"ጅማ። ልጅ ትይዛለች።"

ማን እንደሆንኩ አልነገርኳትም። እጄ ላይ ባለው ቅጽ፣ ዕድሜያቸው ያለፈ ተማሪዎች ብዛት በሚለው ቦታ አንድ ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ ምክንያት የሚል ክፍት ቦታ አለ። የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር እስኪጠራኝ ድረስ እስክሪብቶዬን ይዤ ቆምኩና ባዶውን ተውኩት።

ጅማ የገባሁት በማግስቱ አመሻሽ ላይ ነው። አዳዳ ልጄን እያበላች ነበር። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ፣ "ልጆችሽን አየኋቸው" አልኳት።

ማንኪያው እጇ ላይ ቆመ። "ትልቋ ረዝማለች?" አለችኝ።

"ረዝማለች።"

"ትንሿስ? ሳል ይዟት ነበር አሉኝ።"

"አላሳላትም።" ከዚያ መቻል አቃተኝ። "አዳዳ፣ ትልቋ አንደኛ ክፍል አልገባችም እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

ልጄ አፏን ከፍታ ትጠብቃታለች። አጎረሰቻትና ድምፅዋን ሳታነሳ፣ "ብነግርዎት ምን ያደርጉ ነበር?" አለችኝ። ነገር ፍለጋ አልነበረም፤ መልሴን ለመስማት ፈልጋ ነው የጠየቀችኝ።

ከባለቤቴ ጋር ያን ሳምንት በሙሉ ተነጋገርን። ሁለቱንም ልጆች እናምጣቸው አልኩ። እሱ ክፉ ሰው አይደለም። ትንሽ አሰበና የጓዳዋን ክፍል ብንለቅላቸው ይበቃቸዋል አለ። ትልቋን በሰፈራችን የመንግሥት ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል እናስገባለን፤ ትንሿ ደግሞ ልጄ ኬጂ ስትውል ከእናቷ ጋር ትውላለች። ሁለት ሕፃናት በአንድ ጓሮ እየተጫወቱ፣ አንዷ ጠዋት በሰርቪስ ስትሄድ ሌላዋ በር ላይ ቆማ እንደምትሸኛት ሁለታችንም ገብቶናል። ሳንናገረው አለፍነው።

ሐሳባችንን ለአዳዳ ስነግራት እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

"አላህ ይስጥልኝ" አለች። "እናቴንስ ማን ያያል?"

"እሳቸውም ይምጡ።"

"ቡናቸውን ትተው? አባቴ የተቀበረበትን ትተው?" ራሷን ነቀነቀች። "እኔ ነኝ የምሄደው እትዬ።"

ሰው እስካገኝ ድረስ፣ ቢያንስ ሴሚስተሩ እስኪያልቅ ቆዪልኝ ብዬ ለመንኳት። አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ ይህ ልመናዬ ነው። ያየሁትን አይቼ መጥቼ አሁንም ጊዜ እጠይቃት ነበር። "ሦስት ዓመት ቆይቻለሁ" አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። አርብ ቀን አውቶቡስ ተራ ሸኘኋት። ልጄ አብራኝ ነበረች። አዳዳ ተንበርክካ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችላትና ጆሮዋ ሥር ብዙ ነገር ነገረቻት፤ ሁሉንም በኦሮምኛ።

ልጄ ለሳምንታት፣ "አዳዳን ኤሳ ጂርቲ?" እያለች ትጠይቀኝ ነበር፤ አዳዳ የት አለች? በአማርኛ ስመልስላት እንዳልሰማች ሆና ደግማ ትጠይቀኛለች።

ሁለት ወር ያህል እኔና ባለቤቴ በየተራ ከሥራ እየቀረን ቆየን። አለቃዬ ተቆጣኝ። በመጨረሻ ከሊሙ በኩል የመጣች ሌላ ሴት ተገኘች። ይህችኛዋን ጠየቅኋት። ሁለት ልጆች አሏት። "ትንሹን ማን ይይዘዋል?" ስላት "እኅቱ" አለች። "እኅቱ ትማራለች?" ስላት መሬት መሬት አየች። በማግስቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ መግባት ነበረብኝ። እያወቅሁ ቀጠርኳት።

ማድረግ የቻልኩት ከቢሮ በኩል የሆነውን ነው። ለዚያ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ደውዬ ልጅቷን ፈትነው የሚመጥናት ክፍል እንዲያስገቧት ጠየቅሁ። እሱም ቅን ሰው ሆኖ ተስማማ። የዓመቱ የግምገማ ስብሰባ ላይ ደግሞ ተነሥቼ፣ ዜሮ ክፍል ብቻውን አይበቃም፣ ከዚያ በታች ያሉትን ሕፃናት የሚይዝ ቦታ ካልተበጀ፣ በተለይ በለቀማ ወቅት፣ ታላላቅ እኅቶቻቸው ከትምህርት ይቀራሉ አልኩ። ሰብሳቢው፣ "ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን የሕፃናት መዋያ በቤተሰብ የሚታይ ጉዳይ ነው፤ ለእሱ በጀት የለንም" አለ። ከጎኔ የተቀመጠችው ባልደረባዬ በሹክሹክታ፣ "ለኛ ለራሳችንስ ማን አበጀልን?" አለችኝ። እሷም ሞግዚት አለቻት። አዳራሹ ውስጥ ካለነው ሴቶች ሞግዚት የሌላት ስለመኖሯ እጠራጠራለሁ። ሐሳቤ ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሯል።

በዓመቱ ወደዚያ ትምህርት ቤት ተመለስኩ። ትንሿ ዜሮ ክፍል ገብታ ግንዱ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ትልቋ ፈተናውን አልፋ ሁለተኛ ክፍል ናት። አዳዳን አላገኘኋትም፤ ቡና ማጠቢያው ጋ ቀን ሥራ እንደምትውል ነገሩኝ። በእረፍት ሰዓት ትልቋን አስጠራሁ። አሁን ማን እንደሆንኩ ታውቃለች፤ እናቷ ነግራታለች። እጄን ጨበጠችና ቆመች። ይዤላት የመጣሁትን ደብተርና እርሳስ ተቀብላ ብብቷ ውስጥ ያዘችው።

"ያቺ ልጅ ደህና ናት?" አለችኝ።

"ደህና ናት። ትልቅ ሆናለች።"

"እናቴ ታለቅስላታለች" አለች። ቅሬታ አልነበረበትም፤ ያየችውን ነው የነገረችኝ። "ማታ ስሟን እየጠራች ታለቅሳለች። እኔ ሳለሁ ለምን እንደምታለቅስ አልገባኝም።"

ደወሉ ተደወለ። እንድሄድ ፈቃድ ጠየቀችኝና ደብተሩን እንደያዘች ከልጆቹ ጋር ወደ ክፍሏ ሮጠች።