ያኘክሁት ቆዳ

ባለፈው ሳምንት መካኒኩ ከመኪናዬ ሥር ወጥቶ አንድ ያረጀ ቴስቲኒ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ቴስቲኒ የመሪውን ዘንግ ከጎማው ጋር የሚያገናኝ፣ ጫፉ ላይ ኳስ ያለው ብረት ነው። ኳሱ ማቀፊያው ውስጥ ጥብቅ ብሎ መዞር ሲገባው የእኔው እንደ ሽማግሌ ጥርስ ይወዛወዛል። "እትዬ፣ አዲስ ከሚገዙ ለዓመታዊው ምርመራ ያህል ፕላስቲክ ጠቅጥቄ ላጥብቀው፤ ማንም አያውቅብዎትም" አለኝ። ያን ጊዜ አፌ ሞራ ሞራ አለኝ። ይኸው ስንት ዘመን አልፎ ያ ጣዕም ከላንቃዬ አልወጣም።

ልጅ እያለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ ቤታችን መርካቶ ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ የእህል መጋዘን ጀርባ ነበር። አባቴ ታክሲ ነጂ ነው። የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ስለነበርኩ፣ ጠዋት መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ሲሄድ ይዞኝ ይሄዳል፤ ሥራዬ መኪናው ውስጥ ተቀምጬ የጎን መስታወቱን፣ ስፖኪዮውን፣ ሌባ እንዳይፈታው መጠበቅ ነበር። የእኔ እኩዮች የመርካቶን ሽታ ሲያነሱ በርበሬውን፣ ቅመሙን፣ አዲሱን አቡጀዲ ይናፍቃሉ። ይናፍቁ። እኔ የማስታውሰው የተቃጠለ ዘይት፣ አረንጓዴ የቦይ ውሃና ፀሐይ የመታው ሽንት ነው። ትዝታ ሁሉን ያጣፍጣል ይባላል፤ እሱን ግን አላጣፈጠልኝም።

በዚያ ዓመት የታክሲያችን መሪ ላላ። አባቴ ሩብ ዙር ያህል ሲያዞረው ጎማው ገና አልሰማም። ዓመታዊው ምርመራ ደግሞ ደርሷል። መርማሪው ጎማውን በሁለት እጁ ይዞ ግራና ቀኝ ይነቀንቀዋል፤ ቀጭ ካለ ታርጋ ይፈታል፤ ታርጋ ከተፈታ እኛ ቤት ጉሮሮ ተዘጋ ማለት ነው። አዲስ ዕቃ እንዳይገዛ፣ በመንግሥት መደብር ወረፋ ይዞ በከረመ ቁጥር መልሱ "አልገባም" ነው። ስለዚህ ጋሼ ዘርጋ ዘንድ ሄድን።

ጋሼ ዘርጋ በጣሊያን ጋራዥ ያደጉ ሽማግሌ መካኒክ ነበሩ። የላላ ቴስቲኒ የሚያጠብቁበት የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው፦ የበሬ ቆዳ ቁራጭ በቀለጠ ሞራ ነክረው ኳሱ ዙሪያ ይጠቀጥቃሉ። ቆዳው ግን መጀመሪያ መለስለስ አለበት። ውሃ ካገኘው ይበሰብሳል፤ የሚያለሰልሰው ጥርስ ነው ይላሉ። የእሳቸው ጥርስ አልቋል። አባቴ ከመኪናው ሥር ተኝቶ ብረቱን ደግፏል። ዞር ብለው እኔን አዩኝ።

"ነይ ልጄ፣ ያንቺ ጥርስ አዲስ ነው። እንደ ማስቲካ አኝኪልኝ" አሉኝ። አባቴን ጠራሁት፤ የሚታየኝ እግሩ ብቻ ነው። "እሺ በያቸው" አለኝ ከሥር ሆኖ።

አኘክሁት። ሞራው አፌ ውስጥ ገብቶ ረጋ፤ ላንቃዬ ላይ ተለጠፈ። ቆዳው ላይ ሁለት ሦስት ፀጉር ቀርቶ ነበር፤ ምላሴ ሥር ገባ። የጋሼ ዘርጋ ጣት ላይ የነበረው ጥቁር የመኪና ቅባት፣ ግራሶውም አብሮ ነበረ። እንባዬ እየወረደ፣ እሳቸው ይበቃል እስኪሉ አላመጥኩት። ከዚያ ከአፌ ተቀብለው ጠቀጠቁትና "ጎበዝ! የአባቷ ልጅ!" አሉኝ። ቦዩ ዳር ሄጄ አስመለሰኝ። ከሁሉ የሚያስጠላኝ ግን ትውከቱ አይደለም፤ አፌን እየጠረግሁ በምስጋናው ደስ ብሎኝ ነበር።

ምርመራውን አለፍን። መርማሪው ነቀነቀ፣ ጎማው ትንፍሽ አላለም። አባቴ ከረሜላ ገዛልኝ፤ "አዲሱ እስኪገባ ነው" አለ። ሁለቱም አዋቂዎች ያላሰቡት አንድ ነገር ነበር፦ ሞራ ምግብ ነው። ታክሲው የሚያድረው መጋዘኑ ግድግዳ ሥር ነው፤ የመጋዘኑ አይጥ ደግሞ ድመት የሚያባርር ዓይነት ነበር።

ከአራት ቀን በኋላ፣ በዓል ሊሆን ሲል፣ አባቴ ትምህርት ቤት ሊያደርሰኝ በሸማ ተራ በኩል አለፍን። መንገዱ ነጠላና ጋቢ በሚገዛ ሰው ተሞልቷል። አባቴ ከሰው ሊሸሽ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘው። መሪው ዞረ፤ የቀኙ ጎማ ግን በራሱ መንገድ ሄደ። ፍሬኑን ረገጠ፣ መኪናውም ወዲያው ቆመ። ቢቆምም ጎማው የአንድ ተሸካሚ እግር ላይ ወጥቶ ነበር።

ሰውየው ሰይድ ይባላል፤ ከወሎ የመጣ ነው። ሰው ተረባርቦ መኪናውን ሲያነሳለት አባቴ ጎንበስ አለና ከቴስቲኒው ውስጥ የቀረችውን ቁራጭ ቆዳ መዝዞ ኪሱ ከተታት። እኔ ግን አይቻታለሁ። መሐሏ ላይ የእኔ ጥርስ፣ ጠርዟ ላይ የአይጥ ጥርስ ነበር። ትራፊክ ፖሊሱ ሲደርስ አባቴ "ፍሬን እምቢ አለኝ" አለ። የምርመራው ወረቀት ገና ትኩስ ነው፤ ታመነ። ወደ እኔ ዞሮ ቀስ ብሎ "ፍሬን ነው፤ ገባሽ?" አለኝ። በአንገቴ እሺ አልኩ።

አባቴ ሰይድን ተሸክሞ ወጌሻ ቤት ወሰደው፤ እስኪድን እየተመላለሰ አሳሸው። እግሩ ግን ጠምሞ ቀረ። ሰይድ ከዚያ በኋላ ባየን ቁጥር እያነከሰ መጥቶ የአባቴን እጅ በሁለት እጁ ይይዛል። "ሌላው ገጭቶ ያመልጣል፤ አንተ ተሸከምከኝ። አላህ ልጅህን ያሳድግልህ!" ይላል። አባቴ አንገቱን ደፍቶ "አሜን" ይላል። እኔን ደግሞ "የደግ ሰው ልጅ" እያለ ራሴን ይዳብሰኛል። በእያንዳንዱ አሜን የሞራው ጣዕም አፌ ውስጥ ይመለስ ነበር። እኔም አሜን ብያለሁ። ሰይድ እውነቱን ሳይሰማ፣ እየመረቀን ሞተ።

አባቴ "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" የሚለውን ተረት ይወዳል። እኛ ቤት ስንቱ ንጋት ነግቶ እውነቱ ግን አልጠራም። ዛሬ ሶማሌ ተራ ሱቁ ሁሉ በካርቶን የታሸገ ዕቃ ሞልቶበታል፤ ወረፋ የለ፣ አልገባም የለ። ሆኖም ያ ወጣት መካኒክ ዓይኑን በጨው ታጥቦ "ማንም አያውቅብዎትም" ይለኛል። ያኔ ዕቃ ጠፍቶ ነው እንል ነበር።

አዲስ ገዝቼ ሲገጠም አጠገቡ ቆሜ መያዣው ዳዶ እስኪጠብቅ አየሁ። አሮጌውን ይዤ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ጋቢውን ተከናንቦ ፀሐይ ይሞቃል፤ አርጅቷል። መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። ኳሱን በአውራ ጣቱ ነካ ነካ አደረገው። ከዚያ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተው።

"ፍሬኑንስ ለመካኒኩ አሳየሽው?" አለኝ።

"ፍሬኑ ደህና ነው አባዬ። ያኔም ደህና ነበር" አልኩት።

ቀና ብሎ አላየኝም። ብረቱን መሬት ላይ አስቀመጠና እጁን በጋቢው ጫፍ ይጠርግ ጀመር፤ ጣት በጣት፣ ቀስ ብሎ። ብረቱ ላይ ግን አንዳች ግራሶ አልነበረም፤ ከመምጣቴ በፊት በሳሙና አጥቤው ነበር።