ያቀጠንኩት መድኃኒት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን ስናዘዝ ይህችን እየዘለልኩ አልፋት ነበር። አንተ አንባቢ ፊቴን አታየውም፤ የደፈርኩት ለዚህ ይሆናል።

ከሚሊኒየሙ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ቀበሌ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ። አንድ ክረምት ላሞች ግታቸው እያበጠ፣ ወተታቸው እየተበላሸ ሰው ተቸገረ። ከቢቸና የመጣልኝ መድኃኒት ለስድስት ላም ቢበቃ ነው፤ ደጄ ላይ የቆሙት ግን ሃያ ይሆናሉ። ሽማግሌዎቹ «ልጄ፣ እንዲያው ትንሽ ትንሽም ቢሆን ለሁሉም ይዳረስ። ጎረቤት ከጎረቤት አታቀያይመን» አሉኝ። እኔም እንደ ሰንበቴ ዳቦ ለሁሉም አዳረስኩት። ውሃ ጨምሬ አቀጠንኩት።

አላውቅም ነበር ልበል? አውቅ ነበር! ኮሌጅ ሳለሁ መምህራችን «የሳሳ መድኃኒት ጀርምን አይገድልም፤ ያለማምደዋል» ብሎ ሰሌዳ ላይ ጽፎልናል። ተፈትኜበት አልፌያለሁ። እያወቅሁ አቀጠንኩት። ለምን? «እደግ፣ ተመንደግ» መባሉ ጣፈጠኝ፤ አይሆንም ብዬ ከመጠላት አቅጥኜ መወደድን መረጥኩ። አንድ ጊዜም አይደለም፤ ሦስት ክረምት አቀጠንኩት።

ጎረቤቴ እትዬ ይመኙሻል ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ያሏቸው አንዲት ላምና የአራት ዓመት ልጃቸው ማስተዋል ነበሩ። ላሟን በየክረምቱ ወጋሁላቸው፤ እብጠቱ ጎደል ይልና ተመልሶ ይመጣል። «ወተቱንስ ለልጂቱ ልስጣት?» ሲሉኝ «ምን ችግር አለው፣ ይስጧት» አልኩ። ሳይፈላ እንደምትጠጣው አውቃለሁ።

በሦስተኛው ክረምት ማስተዋል ታመመች። ሆዷ አልቆም፣ ትኩሳቷ አልበርድ አለ። በሚኒባስ ሞጣ ወስደን ሆስፒታል አስተኛናት። መርፌው ቢቀያየርም ለውጥ የለም። ሐኪሙ ምን ትጠጣ እንደነበር ጠይቆ የእሷንም የወተቱንም ናሙና ባሕር ዳር ላከ። ውጤቱ ሲመጣ ወደ ጎን ጠራኝ።

«በሁለቱም የተገኘው አንድ ጀርም ነው። እዚህ ያሉንን መድኃኒቶች ለምዷቸዋል። ላሟን ሲያክም የነበረው ማነው?»

«እኔ እንጃ» አልኩ። እኔ እንጃ! ሲሪንጁ ትከሻዬ ላይ ባንጠለጠልኩት ቦርሳ ውስጥ ነበር።

ወደ አልጋው ስመለስ እትዬ ይመኙሻል እጄን ለቀም አደረጉኝ።

«የኔ ልጅ፣ የነዚህ መርፌ እንደሁ አልሆነላትም። ያንን ላሜን የምትወጋበትን አምጣላት። እባክህ!»

ክው አልኩ። የሚለምኑኝ ልጃቸውን ለዚህ አልጋ የዳረግሁበትን ነው! ያን ጊዜ እንኳ እውነቱን ልናገር አልቻልኩም፤ «እሺ» አልኩና ወጥቼ የሆስፒታሉ አጥር ሥር ተቀመጥኩ። ማስተዋል በሦስተኛው ቀን ሞተች።

ሽማግሌዎቹ ናቸው ያሉኝ እንዳልል፣ መድኃኒት የማውቀው እኔ ነበርኩ። መድኃኒቱ አንሶ ነው እንዳልል፣ ለስድስቱ በልኩ መስጠት እችል ነበር። ያቀጠንኩት እኔ ነኝ። ይስጧት ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ እንጃ ያልኩትም እኔ ነኝ።

ካንተ ይቅርታ አልጠይቅም፤ የተበደልከው አንተ አይደለህም። ይቅር ማለት የሚችሉት እትዬ ይመኙሻል ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ መበደላቸውን አያውቁም። ለቅሶው ላይ በሰው ሁሉ ፊት «ይሄ ልጅ በክፉ ቀን አልተለየኝም» ብለው መረቁኝ። ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ይመርቁኛል። እኔም ዛሬም አሜን እላለሁ።