ዲዳዋ ቁልፍ

የሆቴሉ ፒያኒስት ሰው አይወድም ነበር። አይ፣ እንዲህ ማለት ማቆላመጥ ነው፤ ሰው ይንቃል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአሳንሰሩ ጎን ተቀምጦ ከሰዓት በኋላ ጃዝ ሲጫወት፣ ሻንጣ የሚጎትተውን፣ ስልክ ላይ የሚጮኸውን፣ ሾርባውን ፉት እያለ ያለ ምት ራሱን የሚነቀንቀውን ሁሉ በጎን ዓይኑ እያየ፣ "ጆሮ ተብሎ የተለጠፈ ሥጋ!" ይላል በሆዱ።

ከሁሉም አብልጦ የሚንቀው ግን ፒያኖ ቃኚውን ነው። ቃኚው በዕድሜ ይበልጠዋል፤ በየሦስት ወሩ አሮጌ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ይመጣል። ከፒያኖው ቁልፎች አንዷ፣ መሃል ላይ ያለችው፣ ከሞተች ቆይታለች። ስትመታ ዜማ የላትም፤ እንደተንኳኳ እንጨት "ጧ" ትላለች።

"ማስትሮ፣ ዛሬስ ልጠግናት?"

"አንተ ክርህን አጥብቅና ሂድ! እሷን እንዳትነካ!"

ቃኚው ሌሎቹን ቃኝቶ ሲያበቃ፣ ከዓምዱ ሥር ወንበር ስቦ እስከ ማምሻው ይቀመጣል። "ምን አባቱ፣ የሚሄድበት የለው!" ይላል ፒያኒስቱ።

ቁልፏን አላስነካም ያለው ያለ ነገር አይደለም። ሃያ ዓመት የደከመበት የራሱ ድርሰት የቆመው በእሷ ላይ ነው። በየማምሻው በጃዙ መሃል ይጫወተዋል፤ ልብ የሚለው ግን የለም። ዜማው ወጥቶ ወጥቶ፣ ወርዶ ሊያርፍ ሲል፣ "ጧ!" በር አንኳኩቶ ከፋች እንዳጣ ሰው። ይህን ድርሰት በደህና አዳራሽ፣ ሊሰማው ብሎ ለመጣ ሰው ካልተጫወተው ዕድሜው በከንቱ ማለቁ ነው።

"አንዴ ብቻ! ከዚያ ብሞትም ግድ የለኝ" ይላታል ባለቤቱን።

"እስከዚያው አምፖሏን ቀይርልኝ" ትለዋለች።

በመጨረሻ የከተማው ትልቁ የሙዚቃ አዳራሽ ለእሑድ ከሰዓት ጋበዘው። ቅዳሜ ልምምድ አለ ተባለ።

"ልምምድ ለጀማሪ ነው" አለ።

"ቢያንስ ፒያኖውን እየው እንጂ" አለች ባለቤቱ። "የአዳራሹም ቃኚ ያው ሰውዬ ነው። እጠብቀዋለሁ ብሎ ደውሏል።"

"ማን ሆኖ ነው እኔን የሚጠብቀኝ? ጉድ እኮ ነው!" ብሎ ኮቱን ሲያስተኩስ ዋለ።

እሑድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እሱም ሰዓቱ ሲደርስ ቀጥ ብሎ መድረክ ወጣ፤ ፒያኖው እንደ መስታወት ፊት የሚያሳይ፣ አዲስ ነው። ጀመረ። ዜማው ወጣ፣ ወረደ፣ ሊያርፍ ሲል ጣቱ ቁልፏን መታት።

ዘፈነች! ጥርት ብላ፣ እየተሞላቀቀች ዘፈነች።

ክው አለ። ቤቱ ፒያኖ የለውም፣ የሌላ ሰው ፒያኖ መንካት ደግሞ ውርደት ይመስለዋል። ድርሰቱን በጤነኛ ቁልፍ አንድም ቀን ሞክሮት አያውቅም። አሁን ቢዘላት ዜማው ጎደለ፣ ቢመታት ዘፈነች። እጁ የለመደውን አይተውምና አሥራ አራት ጊዜ መታት፤ አሥራ አራቱንም ጊዜ ዘፈነችለት። ላቡ በጆሮ ግንዱ ወረደ። የሃያ ዓመት ልፋቱ የአሳንሰር ሙዚቃ ሆኖ ቁጭ አለ።

ሲጨርስ ሕዝቡ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። አዘጋጁ ሮጦ አቀፈው። "ያቺ የምትደጋገመዋ ድምፅ! አንጀቴን በላችው!" አለው። ሊያንቀው ምንም አልቀረው።

ከኋላ ረድፍ ግን አንድ ሰው አልተነሳም፣ አላጨበጨበም። ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፍቷል።

ሰው ሲወጣ ፒያኒስቱ እግሩን እየጎተተ ወደ ቃኚው ሄደ። ቃኚው ከኪሱ ጣት የምታህል ወፍራም ጨርቅ አወጣ።

"ትናንት በዚህች አፍኛት ነበር፤ ልክ እንደ ሆቴሉ ቁልፍ ጧ አለች። ግን እንዳትነካ ብለውኛላ፤ ሳያዩት አይሆንም ብዬ አወጣሁት። እስኪመሽ ጠበቅኩዎት።"

ፒያኒስቱ ሰውዬው ከዓምዱ ሥር ለምን ይቀመጥ እንደነበር አሁን ገባው። አፈረ፤ ከልቡ አፈረ።

"ይክተቷት" አለ። "ልጫወትልዎት።"

የጽዳት ሠራተኛዋ በወንበሮቹ መሃል እየጠረገች ሳለ እሱ ተጫወተ። ጧ አለች። ደግማ ጧ አለች። ሲጨርስ ቃኚውን ቀና ብሎ አየው።

"አሥራ ሦስተኛዋ ላይ ሁልጊዜ ይቸኩላሉ" አለ ቃኚው።

ፒያኒስቱ ሊቆጣ አፉን ከፈተና ተወው። እውነት ነበር።

"እሺ፣ ከመጀመሪያው" አለ።