ደም ማቅጠኛ ለምትደማ ሴት

በቴፒና በአካባቢዋ ለሚኖር ሕዝብ ሁሉ የወጣ አዋጅ፦ አርባ ሁለት ኪሎ የምትመዝነው፣ ማኅተምም ወንበርም የሌላት የቡና ለቃሚዋ ሎሚ፣ ከዛሬ ጀምሮ የገዛ ጭንቅላቷ ባለቤት መሆኗ ተረጋግጧል። ቅር የተሰኘ የባል ወንድም ቢኖር ማመልከቻውን በሦስት ኮፒ ያቅርብ።

አዋጁ የወጣው በ2006 ዓ.ም. ነው። ያወጣችውም እሷው ናት።

ሎሚ የሸኮ ልጅ ናት። ስድስት ዓመት ሙሉ ደም ሲያስቀምጣት ኖረ። አሜባ ነው ተባለች፣ ዋጠች፤ ታይፎይድ ነው ተባለች፣ ዋጠች። በኋላ ጅማ ላይ በመሣሪያ ሲታይ የትልቁ አንጀት ሥር የሰደደ ቁስለት ሆኖ ተገኘ። ሲነሣባት በቀን ዐሥር ጊዜ ትወጣለች።

ቡናው የሚለቀምበት ጠረጴዛ ግን ሕግ አለው። ካቦው ጋሽ ተረፈ ከቦታዋ የተነሣችውን ሁሉ በፉጨት ይመልሳል። «አንቺ ደግሞ ሽንት ቤቱን ተከራየሽው እንዴ?» ይላታል፤ ሴቶቹ ይስቃሉ። ሎሚም መላ አገኘች። ካልጠጣሁ አልወጣም ብላ ውሃ መጠጣት ተወች። እንዲህ ያለ ብልሃት የሚወለደው ሰውን ከቀይ የቡና ፍሬ አሳንሶ በሚያይ ቤት ነው።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ራሷን የማይለቅ ሕመም ያዛት። ሻሽ ጠፍራ አሰረችበት። በአምስተኛው ቀን አስታወከች፣ ቀኝ እጇ ተንቀጠቀጠና ጠረጴዛው ሥር ወደቀች። ጋሽ ተረፈ «መንፈስ ነው» ብሎ ፈረደ። የተማረው ቡና መመዘን ነበር፤ መንፈስ መለየት በትርፍ ሰዓቱ የሚሠራው ነው።

ባሏ ይስሐቅ ግን መኪና ፈልጎ ጅማ አደረሳት። ሐኪሟ ዶክተር ሰርካዲስ የጭንቅላቷን ፎቶ አሳየቻቸው።

«ከአንጎል ደም በሚመለስበት ሥር ውስጥ ደም ረግቷል» አለች። «አንጀቷ ሲቆጣ ደሟ ቶሎ ይረጋል፤ የውሃው ጥም ደግሞ አባሰው። ደም ማቅጠኛ መርፌ እንጀምራለን።»

የይስሐቅ ታላቅ ወንድም ቲቶ ከሁለት ሽማግሌ ጋር ደርሶ ነበር። ቲቶ ሬዲዮ ያዳምጣል፤ ስለዚህ የማያውቀው የለም።

«ከታች እየደማች ደም ማቅጠኛ? የሚያፈስ በርሜል እንደገና መብሳት አይሆንም ዶክተር?»

«የሚፈሳትን በየቀኑ እንለካለን፤ ደሟ ካነሰ ደም እንሰጣታለን። የአንጀቷን ቁጣ የሚያበርድም ታገኛለች። የረጋው ከሰፋ ግን ትሞታለች።»

«እንፈርምና እናውጣት» አለ ቲቶ ወደ ወንድሙ ዞሮ።

ሎሚ ዐይኗን ገለጠች። «ማን ነው የሚፈርመው?»

«እኛ ቤተሰቦችሽ ነና።»

«የሚያመው የማን ራስ ነው?»

«ታመሻል፣ አትነታረኪ።»

«ታመምኩ እንጂ አልሞትኩም ወንድም ቲቶ። ያንተን ራስ ሲያምህ አንተ ትፈርማለህ።» ልብሷን ከሆዷ ገለጥ አደረገች። «ዶክተር፣ ውጊኝ።»

«ደሙ ሊበዛብሽ ይችላል፤ አልዋሽሽም።»

«ስድስት ዓመት ስደማ አንድ ሰው ስብሰባ አልጠራልኝም። ዛሬ ነው ደሜ ያሳዘናቸው? ውጊኝ።»

ተወጋች። በሦስተኛው ቀን እውነትም ደሙ በረታ። ቲቶ በር ላይ ቆሞ «አላልኩም?» አለ፤ የሰው ሕመም ትንቢቱን ሲሞላለት ደስ የሚለው ዓይነት ሰው ነው። ዶክተሯ ሁለት ከረጢት ደም ሰጠቻት፤ መርፌውን ግን አላቆመችም። ሎሚም አቁሚልኝ አላለችም። በሁለተኛው ሳምንት የራስ ሕመሙ ተዋት፤ ቀኝ እጇም ኩባያ ያዘ።

መርፌው በኪኒን ተተካ። በየወሩ አማን ከተማ ወርዳ ደሟን እያስለካች ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ጋሽ ተረፈ አንድ ቀን ስትውጥ አገኛት።

«አሁንም ያንን ነገር ትውጫለሽ? እኔ ብሆን…»

«እርስዎ አይደሉማ» አለችውና ዋጠች።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አንተም ሳትጠራ ከታማሚ ራስጌ መቆም የምትወድ ከሆነ አንዲት ልመና አለች፤ «እኔ ብሆን» ልትል አፍህን ስትከፍት፣ እባክህ መጀመሪያ የሚያመው የማን ራስ እንደሆነ ጠይቅ።