ባባ በጣታቸው ያነበቡት መልእክት

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ሳዑዲ፣ ኮባር ከተማ፣ ዐቅረቢያ ሰፈር፣ ከአንድ ቻይናዊ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። አሠሪዬ የደማም ወደብ ሠራተኛ ሲሆን አባቱ አብረውት ይኖራሉ። ሽማግሌው ኮባር ውስጥ ለዓመታት ምግብ ቤት ስለነበራቸው ዐረብኛቸው እንደኔው ስብርባሪ ነው፤ ለሁለታችን ወሬ ግን በቂ ነበር። እኔ "ባባ" እላቸዋለሁ፣ እሳቸው "ቢንቲ"፣ ልጄ እንደማለት።

ስትሮክ የመታቸው እኔ በገባሁ በዓመቱ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ እግራቸውም አንደበታቸውም ተረፈ። የሄደው ማንበብ ነው። ዓይናቸው ደህና ነው፤ ጽሑፍ ሲያዩ ግን "ዝንብ የሄደበት ይመስላል" ይላሉ። የሚገርመው ደግሞ መጻፍ ይችላሉ! ስማቸውን ጽፈው ቁጭ ያደርጉትና ትንሽ ቆይተው "ይሄን ማን ጻፈው?" ይሉኛል። ሐኪሙ፣ ጭንቅላታቸው ውስጥ የማንበቢያው መንገድ ተጎዳ እንጂ እጃቸው አልረሳም ብሏል አሉ።

የባባ ሚስት አገራቸው ቻይና ናቸው። ጆሯቸው ከደነቆረ ቆይቷል፤ ስልክ አያወሩም። ባልና ሚስቱን የሚያገናኛቸው በስልክ የሚላላኩት ጽሑፍ ብቻ ነበር። አሁን ባባ ይጽፋሉ፣ መልሱን ልጃቸው ያነብላቸዋል። ሚስትየው ልጃቸው እንደሚያነበው ስላወቁ መልእክታቸው አጠረ። "ደህና ነኝ። መድኃኒትህን ውሰድ።" ኸላስ፣ በቃ።

"ድሮ እንዲህ አልነበረችም" አሉኝ አንድ ቀን፣ ስልኩን ጭናቸው ላይ ደፍተው። "ድሮ ትሰድበኝ ነበር።"

አንጀቴን በሉት። ቻይናዎች ፊደል ሲጠፋባቸው መዳፋቸው ላይ በጣት ሲጽፉት አይቼ ነበርና "እጅዎን ይስጡኝ" አልኳቸው። የቻይና አንዱ ፊደል አንድ ቃል ነው፤ ስልኩን እያየሁ ከሚስታቸው መልእክት አንዱን ፊደል መዳፋቸው ላይ በጣቴ ሣልኩት፣ ደስ ካለኝ ጥግ ጀምሬ።

"ቢንቲ፣ እየጻፍሽ ነው ወይስ እያከክሽኝ?"

"ወላሂ፣ እንዳለ ነው የገለበጥኩት!"

"ከታች ጀመርሽ እኮ! ጫማ አድርገሽ ነው ካልሲ የምትለብሺው?"

ለካ እያንዳንዷ ጭረት ተራ አላት፤ ተራዋ ከተዛባ እጅ አያውቃትም። እኔ ወሎ ሳለሁ ፊደል የለየሁት ከዱቄት ከረጢት ላይ ለብቻዬ እየገለበጥኩ ነው፤ ከየት ይጀመራል ያለኝ ሰው የለም።

"እንግዲያው እርስዎ በራስዎ ጣት ይሂዱበት" አልኳቸው። ስልኩን ሲነኩት መልእክቱ ሽቅብ ይሸሻል። ተነሥቼ የኩል እርሳሴን አመጣሁና፣ ያለፈ ወር የቀን መቁጠሪያ ወረቀት ገልብጬ፣ ጀርባው ላይ ያንኑ ፊደል ዳቦ የሚያህል አድርጌ ሣልኩት። ባባ ጣታቸውን አስኬዱበት፤ በራሳቸው ተራ፣ ከላይ ወደ ታች። ደገሙት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

"መድኃኒት" አሉ፣ ቀስ ብለው።

ከዚያ ስልኩን አነሡና ለሚስታቸው ጻፉ፦ ከእንግዲህ የማነበው እኔ ነኝ።

በማግስቱ መልሱ መጣ፣ ረጅም። እኔ እየሣልኩ፣ እሳቸው በጣታቸው እየተከተሉ፣ እስከ ዐስር አዛን፣ እስከ ከሰዓቱ የሶላት ጥሪ ድረስ ቆየን። ድንገት ጠረጴዛውን መቱት።

"ሞኝ ሽማግሌ አለችኝ!"

"ማሻአላህ! ሌላስ ምን አሉ?"

"ሌላውን አልነግርሽም" አሉ፣ ወረቀቱን ደረታቸው ላይ ለጥፈው።

ማታ ልጃቸው ከሥራ ገብቶ እንደ ልማዱ ስልኩን ሊያነሣ ሲል ባባ እጁን መታ አድርገው ስልኩን ወሰዱበት፤ የሆነውንም ነገሩት። በሚቀጥለው ቀን ወፍራም እስክሪብቶና አንድ እሽግ ነጭ ወረቀት ገዝቶ ወጥ ቤት አስቀመጠልኝ። የእናቱን መልእክት ከዚያ ወዲያ አላነበበም።