የፊት ሌንስ፣ የአገር ሌንስ

ኤጭ! የሠርግ ፎቶ ወሬ በተነሣ ቁጥር እስካሁን ያቅለሸልሸኛል። ባሕር ዳር ላይ ተሞሽሮ ጣና ዳር ፎቶ ያልተነሣ ሰው ያገባ አይመስለውም። እኔም ከሰው ተለይቼ አልቀረሁም። ሐይቁ ዳር ስንደርስ ሌሎች ሙሽሮች አንዲት ዋርካ ሥር ተራ ይጠብቃሉ። አንዱ ሙሽራ የሚስቱ አንገት ሥር ይሸጎጣል፣ ፎቶ አንሺው "ሳቅ በል" ይለዋል፣ እሱ ሲሄድ ሌላው ተተክቶ ያንኑ ይደግማል። እግራችን ሥር የውኃ ፕላስቲኩ፣ የሸንኮራ ልጣጩ፣ ውኃው ጫፍ ላይ ደግሞ የበሰበሰ እምቦጭ። ሽታው አይጣል ነው። ቬሎዬን ሰብስቤ አፍንጫዬን ይዤ ቆምሁ።

እኔ የፈለግሁት አንዲት ፎቶ ብቻ ነበር። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጎርጎራ ላይ በጀልባ ሥራ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጣናን ሲመላለሱበት ነው ጸጉራቸው የሸበተው። ከመታወቂያቸው ጉርድ ፎቶ በቀር ግን አንድም ፎቶ የላቸውም። ለሠርጌ በጎንደር ዞረው፣ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ሲያንገላታቸው ውሎ መጡ። እራት ላይ "እኔና አንች ቁመን፣ ሐይቁ ከኋላችን ይታይ። ግድግዳዬ ላይ እሰቅለዋለሁ" አሉኝ። አባቴ ሰው ማስቸገር አይወዱም። ለራሳቸው የሆነ ነገር ሲጠይቁ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ፎቶ አንሺውን ገና ከመኪና ሲወርድ ነው የጠላሁት። የባለቤቴ የሥራ ባልደረቦች "አንደኛ ነው" ብለው ያመጡት ጎረምሳ ነው። ሌንሱ ላይ እፍ ይልና በላብ በራሰ ሸሚዙ ጫፍ ይወለውለዋል። ምራቁ ሲፈናጠር አይቼ ሰውነቴ ቅፍፍ አለኝ። ሁለት ሌንስ ይዟል፤ አንዱ ረጅምና ወፍራም፣ ፊትን አጥርቶ ከኋላ ያለውን ሁሉ ብዥ የሚያደርግ፤ ሌላው አጭር፣ ሰዉንም አገሩንም ሰፋ አድርጎ የሚያነሣ።

"ከአባቴ ጋር ስንነሣ በአጭሩ አድርገው፤ ሐይቁ ይታይ" አልሁት።

"አጭሩ ዋይድ ነው፤ ለላንድስኬፕ፣ ለአገር ለምድሩ ነው። ለሰው ከሆነ አፍንጫሽን ድንች ያደርገዋል።"

"የእኔን አፍንጫ ለእኔ ተወው። ራቅ ብለህ አንሣን።"

"ፖርትሬት ፖርትሬት ነው፤ የሚታየው ፊት ነው። ደግሞ እዚህ አቧራ ላይ ሌንስ አይቀየርም። ከኋላ ያለውን ባክግራውንድ ቅልጥ አደርግልሻለሁ፣ ቆሻሻውም አይታይሽ" አለኝ።

ቅልጥ! ቃሏን ሲናገራት እንደ ቅቤ ያጣጥማታል። ከተማው ሁሉ ያበደው በዚህ ነው፤ ብዥ ያላለ ፎቶ የስልክ ነው እየተባለ ይናቃል። እንግዲህ ሰው ነዳጅ አቃጥሎ ጣና ዳር ድረስ ይመጣና ጣናን የሚያጠፋ ሌንስ ይመርጣል። ሐዋሳ ይሁን የቀበሌ ግቢ ለማይለይ ፎቶማ ቤታችን መጋረጃው ፊት መቆም ይበቃን ነበር።

ተራችን ደረሰ። "ፋዘር፣ ግቡ ግቡ!" ብሎ አባቴን ጠራቸው። ፋዘር! የመናኸሪያ ወያላ እንኳ ሽማግሌ ሲጠራ ከዚያ ይሻላል። አባቴ መጡ፣ ግን ባሌ አብሮኝ ቆሞ ስላዩ አጠገቤ አልቆሙም። በእኛ ዘንድ አባት ልጁ በተሞሸረች ቀን ሙሽሮቹን ተጋፍቶ ከፊት አይቆምም፤ ነውር ነው። እናም ነጭ ጋቢያቸውን አስተካክለው ከእኛ ርቀው ውኃው ጫፍ ያለ ድንጋይ ላይ ወጡ፤ ጀርባቸውን ለሐይቁ ሰጥተው ቀጥ ብለው ቆሙ። በዚያ ሌንስ ፊት ወደ ኋላ መቅረት ከፎቶው መውጣት እንደሆነ ከየት ያውቁታል?

"አባየ፣ ወዲህ ይምጡ" አልኋቸው።

"ግድ የለም ልጄ፣ እዚህ ሐይቁ አጠገብ ይሻለኛል" አሉ።

ወደ ፎቶ አንሺው ዞሬ "ሌንሱን ቀይር ብያለሁ" ስለው "ጨረስኩ፣ አሪፍ ነው" አለኝ። ቀጣዮቹ ሙሽሮች ዋርካው ሥር ይጋፉን ጀመር። ደሜ ፈላ፤ ግን በሠርጌ ቀን ምን ብዬ ልጩኽ? አባቴን ለሌላ ፎቶ ስፈልጋቸው ሽማግሌዎቹ ይዘዋቸው ወደ መኪናው ሄደዋል።

አልበሙ የደረሰን አባቴ ሊጠይቁን በመጡበት ሰሞን ነው። ትልቅ ተደርጎ የታጠበውን ፎቶ አውጥቼ አየሁት። የሽፋሽፍቴ ጸጉር አንድ ባንድ ይቆጠራል። ጉንጬ ላይ የተሰነጠቀው ፓውደር፣ የባሌ ግንባር ላይ ችፍ ያለው ላብ፣ ምንም አልቀረም። ከኋላችን ግን ገንፎ የመሰለ አረንጓዴ ነገር ተዘርግቷል፤ መሐሉ ላይ ደግሞ የፈሰሰ እርጎ የመሰለ አንድ ነጭ ነገር አለ።

አባቴ ፎቶውን ተቀበሉኝ። ማዶ የምትሄድ ታንኳ የማን እንደሆነች የሚለይ ዓይን አላቸው። አቀረቡት፣ አራቁት፣ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረግ አድርገው እንደገና አዩት።

"አምሮብሻል" አሉ። ጣታቸው ነጩን ነገር አልፎት ሄደ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና፣

"ይህን እኔ ገና ከጎርጎራ ሳልመጣ ነው የተነሣችሁት?" አሉኝ።